በፍልሰታ የበላሁት ጉበት

አፈር በልቼ አውቃለሁ። እርግማን ደርሶብኝ አይደለም፤ በገዛ ጣቴ ቆፍሬ፣ ጠጠሩን ለቅሜ፣ እያጣጣምኩ በልቻለሁ። የትኛው እንደሚጣፍጥም ልነግራችሁ እችላለሁ። ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ብሩክ ከኋላዬ ቆሞ "የግድ በዚህ መጀመር አለብሽ?" ይለኛል። የግድ ነው። ምናልባት አሁን አንዷ ነፍሰ ጡር በመሐረብ የቋጠረችውን አፈር ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ፣ ማንም እንዳያያት በር በሩን እያየች ይሆናል። እሷ ገና ከመጀመሪያው መስመር እንድታገኘኝ ፈልጌ ነው።

ትዕግሥት እባላለሁ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ።

ሕመሙ የጀመረኝ በዐቢይ ጾም ነበር። መጀመሪያ ድካም ነው የመጣው። ከሥራ ስመለስ ደረጃው አያልቅልኝም፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ስልክ የምነካካ እመስላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ትንፋሼን እየለቀምኩ ነበር። ጎረቤቶቼ "ጾሙ ነው" አሉኝ። የቢሮ ባልደረቦቼ "ታክሲው ነው" አሉኝ። ከአባዶ መገናኛ ጠዋትና ማታ ተጣጥፎ የሚመላለስ ሰው ባይደክመው ነበር የሚገርመው። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ መጣ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁና ታይፎይድ ተባልኩ። በነገራችን ላይ፣ እኛ ሰፈር ደም ሰጥቶ "ታይፎይድ የለብህም" የተባለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የታይፎይዱን መድኃኒት ጨርሼ ስላልተሻለኝ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚያ ደግሞ ጨጓራ ነው ተባለ። በፋሲካ ማግሥት ከየቤቱ የሚወጣው የዶሮ ወጥ ሽታ ደረጃው ላይ ሲያስታውከኝ፣ አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን በራቸውን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝና "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጨጓራ እግር ያወጣል" አሉኝ። ከፋርማሲ መመርመሪያ ገዛሁ። እውነትም እግር ሊያወጣ ነው።

ደስታዬ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ፍርሃት መጣ። ያን ሁሉ መድኃኒት ሳላውቅ ውጫለሁ፤ ልጄን ጎድቼው ይሆን? ጤና ጣቢያ ያየችኝ ባለሙያ የወሰድኩትን አይታ አይዞሽ፣ አይጎዳውም ብላኛለች። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የምበላውንም፣ የማየውንም፣ የማስበውንም "ይሄ ልጄ ጋ ምን ሆኖ ይደርሳል?" እያልኩ መመዘን ጀመርኩ። በዚህ ላይ ቤተሰቤ አላገዘኝም።

የብሩክ እናት እማማ አስካለ የሚኖሩት እንጦጦ ማርያም አጠገብ ነው። እዚያው ተራራ ላይ ተወልደው ስላደጉ፣ ከታች ያለውን ከተማ "አዲስ አበባ" እያሉ እንደ ሌላ አገር ነው የሚጠሩት። ማርገዜን ሲሰሙ እልል አሉ፤ እልልታቸው ሳይበርድ ሕግ ማውጣት ጀመሩ። እሳቸው እንደሚሉት እናት ያየችውና የተሰማት ሁሉ ልጁ ላይ ይወጣል። ጦጣ ካየሁ ልጁ ጦጣ ይመስላል። ያማረኝን ካጣሁ፣ ያን ጊዜ እጄ ያረፈበት ቦታ ልጁ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል። አንድ ቀን ማንጎ አማረኝ ብዬ አፌ ሲያመልጠኝ፣ ብሩክ ገዝቶ እስኪመለስ ድረስ ሁለት እጆቼን ጭኔ ላይ አስቀምጠው ጥፍር አድርገው ያዙኝ። "ከወጣም ጭኑ ላይ ይውጣ፤ በልብስ ይሸፈናል" አሉ።

ብሩክ ደግሞ ዘመናዊ ነው። ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ስለማያውቀው ነገር ሁሉ ቪዲዮ ያያል። ሆዴ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ለጥፎ ፒያኖ ያሰማል። ጠዋት ጠዋት እምብርቴ ላይ ጎንበስ ብሎ "ጉድ ሞርኒንግ ቤቢ" ይላል። ለምን በአማርኛ አታወራውም ስለው "አማርኛውን ሰፈር ይማረዋል" አለኝ።

እናትና ልጅ በምንም ነገር አይስማሙም ነበር። በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ። እማማ አስካለ "ድንጋጤ" የሚሉትንና ብሩክ "ስትረስ" የሚለውን ነገር እኔ አጠገብ ላያደርሱ ተማማሉ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ዜና አይከፈትም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "መገናኛ! መገናኛ!" ብሎ ሲጮህ ብሩክ በጣቱ ዝም እንዲል ይለምነዋል። በሰኔ መጨረሻ ከብሎካችን ሥር ድንኳን ተጣለ።

"ብሩኬ፣ ድንኳኑ የምንድን ነው?"

"ሰርግ ነው።"

"በሰኔ ጾም?"

ትንሽ አሰበ። "ጴንጤ ናቸው።"

"ያ የምሰማው ለቅሶስ?"

"የሙሽራዋ እናት ናት። ልጇን ልትለያት አይደል፣ ሆድ ብሷት ነው።"

በማግሥቱ እሱ ሥራ ሲሄድ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ወረድኩና ለቅሶ ደርሼ መጣሁ። ሟቹ ሁልጊዜ ደረጃው ላይ "ቀስ በይ ልጄ" የሚሉኝ ሽማግሌ ነበሩ። አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ቤቴ ገባሁ። ማታ ብሩክ "ሰርጉ እንዴት ነበር?" ሲለኝ "ደስ ይላል" አልኩት። እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።

በሐምሌ ለክትትል ሄጄ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ በማግሥቱ ነው ተባለ። በማግሥቱ ከአልጋ መነሳት ስላቃተኝ ብሩክ ሄዶ ተቀበለ። እዚያ የተባለውን እኔ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ለእናንተ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ደም ማነስ አለባት፣ ደሟ በጣም ወርዷል፣ ፅንሱም መሆን ከሚገባው ትንሽ አንሷል፣ ይህን የአይረን ክኒን ሳታቋርጥ ትውሰድ፣ በወሩ ይዘሃት ና፤ ይህ ነው የተባለው። አይረን ሰውነት ደም የሚሠራበት ነገር ነው። ክኒኑን ሰጥተው ሸኙት። ብሩክ ታክሲ ውስጥ ሆኖ እናቱ ጋ ደወለ።

"እንዳትነግራት!" አሉት እማማ አስካለ። "ደንግጣ ልጁን ብታጣውስ?"

እሱም እኔ ጋ መጥቶ "ሁሉም ነገር ኖርማል ነው" አለኝ። ቀጥሎ "ግን አየር መለወጥ አለብሽ" አለኝ።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እንጦጦ ወጣሁ። ደረጃ ያቃተኝን ሰው ዳገት ላይ ወሰዱኝ ማለት ነው። ክረምቱ እዚያ ሌላ ነው። ጉሙ እስከ በር ይመጣል፤ ባሕር ዛፉ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል፤ ጠዋት የማርያምና የራጉኤል ደወል ተከታትሎ ይሰማል። እማማ አስካለ ፍራሻቸውን ለቀው እኔን አስተኙኝ። እግሬን ያጥቡኛል። ምግብ ስመልስ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥና "አፈር ስሆንልሽ፣ አንዲት ጉርሻ!" ይሉኛል። እኔ ግን አፈር የሚለውን ቃል ስሰማ ምራቄ ይሞላል።

ነገሩ የጀመረኝ በደረስኩ ሰሞን ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ሲቆረጥ የቀረ ቀይ የአፈር ግድግዳ አለ። ዝናብ መቶት ሲያባራ የሚሸተው ሽታ እግሬን ይዞ አቆመኝ። በጣቴ ቆረስ አድርጌ ቀመስኩ። እህቶቼ፣ ምን ልበላችሁ! ከላይ ያለው ሥር ሥር ይላል፤ ከታች ያለው አሸዋ አለበት፤ መሀል ላይ ያለው ግን ልስልስ ያለ፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ ነው። በጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ "ልናፈስ" እያልኩ መውጣት ጀመርኩ። መሐረቤ ውስጥም ለመኝታዬ እቋጥራለሁ።

ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? ዲግሪ አለኝ፣ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ የጓሮ ግድግዳ ነው የምበላው ልበል? ደግሞ አውቃቸዋለሁ። እማማ አስካለ "ልጁ ነው የጠየቀው" ብለው በሳህን ያቀርቡልኛል፤ ብሩክ ቪዲዮ አይቶ ራሱን ይስታል። እንዳይደነግጡ ብዬ ዝም አልኩ።

"ይሄ ፍልፈል ጓሮዬን ሊንደው ነው" አሉ አንድ ቀን እማማ አስካለ። የቆፈርኩትን አይተው ነው። ጉድጓዱ ላይ እሾህ አደረጉበት። እኔ ከእሾሁ ጎን ሌላ ከፈትኩ። "ብልጥ ፍልፈል ነው እኮ! ወጥመድ ላኑርለት" ሲሉ ጣቶቼን አሰብኩና "ኧረ እማማ! ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ነፍስ ይጠፋል እንዴ? ልጁ ላይ ይወጣል" አልኳቸው። በገዛ ሕጋቸው ያዝኳቸው። አማትበው ተዉት።

ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ እማማ አስካለ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ካላወቃችሁ ቀጥሎ የምነግራችሁ አይገባችሁም። ይህ ጾም የእመቤታችን ነው፤ የሠፈሩ ሕፃናት እንኳ ይጾሙታል። እሳቸው በየቀኑ ከማርያም ደጅ አይጠፉም። ብሩክ ተማሪ ሳለ በፍልሰታ ሻዩ ላይ ወተት ጠብ አደረገ ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። በጾሙ የመጀመሪያ ቀን እኚህ ሴት ከቤተ ክርስቲያን መጡ፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ፣ ጓዳ ገቡ፣ ጉበት ጠብሰው ፊቴ አቀረቡ።

"እማማ፣ ዛሬ እኮ ፍልሰታ ገብቷል።"

"አውቃለሁ።"

"ጉበት እኮ ነው።"

"የንስሐ አባቴን አስፈቅጃለሁ። አንቺ ብቻ ብዪልኝ" አሉና ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እዚያው ላይ ገባኝ። እየሞትኩ ነው።

ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እማማ አስካለ በፍልሰታ እቤታቸው ውስጥ ጉበት ከጠበሱ የቀረልኝ ዕድሜ እስከ ጾሙ መፍቻ አያደርሰኝም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ማስረጃ ሆነ። የምበላው ሽሮ ሚስማር ሚስማር ይለኛል፤ ማሩም ሚስማር ሚስማር ይላል፤ ጣዕም የጠፋብኝ ነፍሴ ልትወጣ ስለሆነ ነው አልኩ። ይቅርታ ይደረግልኝና ሰገራዬም ከሰል መሰለ፤ ሆዴ ውስጥ እየደማሁ ነው አልኩ። ቅዳሜ ብሩክ ሙዝና ብርቱካን ተሸክሞ ሲመጣ እናትና ልጅ ማገዶው አጠገብ ይንሾካሾካሉ፤ እኔ ስወጣ ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራሉ። አንድ ቀን በመስኮት ሳይ ብሩክ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዙሮ ያለቅሳል።

"ብሩኬ፣ ምንድን ነው የምትደብቀኝ?"

"ምንም።"

"ማርያምን በል።"

"ማርያም እዚህ ጎረቤት ናት፤ ለምን ታስምይኛለሽ?" ብሎ ሸሸ።

እንግዲህ መሰናዳት ነበረብኝ። ተጣልታኝ ለነበረችው የወንድሜ ሚስት ደውዬ ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት፤ "እኔ ነኝ እንጂ ይቅር ማለት ያለብኝ" ብላ እንደ አዲስ ተጣላችኝ። ብሩክ ከእኔ በኋላ ማንን ማግባት እንዳለበት አሰብኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ቤተልሔም ጥሩ ልጅ ናት፤ ቆንጆነቷ ግን ስለበዛብኝ ሰረዝኳት። ቢሮ ያለችውን ሰብለን አሰብኩ፤ እሷ ደግሞ ወጥ አትችልም። በመጨረሻ ሳያገባ ይኑር ብዬ ወሰንኩ።

አሁን እንዲህ እየሳቅኩ እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ግን ሳቅ አልነበረም። እኔ መሞቴ አይደለም ያስጨነቀኝ። ከጓሮ ተመልሼ ጋደም ስል ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል፤ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ "አንተ፣ ወይም አንቺ፣ እኔን አትስማኝ" እለዋለሁ። እናት የተሰማት ሁሉ ልጁ ላይ ይወጣል ብለውኛል። እኔ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማኝ ፍርሃት ብቻ ነው። ፈሪ ልጅ እየሠራሁ ነው፣ ወይም ጨርሶ ልጅ የማይሆን ነገር እየሠራሁ ነው እያልኩ አለቅስ ነበር። ማልቀሴም ይደርሰዋል ብዬ ደግሞ ማልቀሴን እፈራለሁ። ይህን ለአንድ ሰው ተንፍሼ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ይቀልልኝ ነበር።

የቀጠሮዬ ቀን ሦስታችን በኮንትራት ታክሲ ወደ ሆስፒታል ወረድን። ብሩክ "ለመደበኛ ክትትል ነው" አለ። እኔ ግን የክት ልብሴን ለብሼ ነበር። ተራ መጠበቂያው ሞልቷል። አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ፊቴን አየችና ምንም ሳትጠይቀኝ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። እሷ ነፍሰ ጡር፣ እኔም ነፍሰ ጡር፤ ያን ያህል አሳዝኜ ነበር። አሁንም ድረስ ያቺን ሴት እመርቃታለሁ።

የተቀበለችን ዶክተር ጠና ያለች፣ ማተቧ አንገቷ ላይ የሚታይ፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ስባ አየች፤ መዳፌን አየች፤ ያን ጠዋት የሰጠሁትን የደም ውጤት አየች።

"ካለፈው ወር ይልቅ ወርዷል። አይረኑን በደንብ እየወሰድሽ ነው?"

"የምን አይረን?" አልኩ።

ብሩክ ጉሮሮውን ጠረገ። "ትወስዳለች ዶክተር። ግን እሷ አታውቅም።"

"እንዴት ሳታውቅ ትወስዳለች?"

እማማ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እኔ ነኝ ዶክተር። እየወቀጥኩ በሽሮም፣ በማርም፣ በገንፎም እሰጣታለሁ። አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ጣዕሙ እንዳይታወቃት ወዲያው ሻይ አስከትላለሁ።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ለምን አልነገራችኋትም?"

"እንዳትደነግጥ!" አሉ እናትና ልጅ በአንድ ድምፅ።

ደም ማነስ። እኔ ስሙን እንኳ ሰምቼው አላውቅም ነበር ማለት አይደለም፤ የሰፈሩ ሴት ግማሹ ያለበት ነው። የምሞትበት በሽታ ስም ይህን ያህል አጭርና ተራ መሆኑን ማመን አቃተኝ። ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺስ፣ የሚያምርሽ ነገር አለ? በረዶ፣ ከሰል፣ አፈር?"

መሬት መሬት አየሁ። ጥፍሮቼን ልደብቅ ብዬ ጣቶቼን አጠፍኩ፤ ያ ነው ያጋለጠኝ። እማማ አስካለ እጄን ለቀም አድርገው ጥፍሬ ሥር ያለውን ቀይ አዩ። አንዴ እጄን አዩ፣ አንዴ ፊቴን አዩ።

"ፍልፈሉ!" አሉ።

ዶክተሯ ሁሉንም ከሰማች በኋላ ቀስ ብላ አስረዳችን። ሰውነት አይረን ሲያልቅበት አንዳንዴ የማይበላ ነገር ያሰኘዋል። የሚበላው አፈር ደግሞ ሆድ ውስጥ አይረኑን ይዞ ያስቀረዋል፤ ሻይም እንደዚያው። እነሱ በደበቁኝ ክኒን ሊያድኑኝ ሲታገሉ እኔ በደበቅኳቸው አፈር ሳፈርስ ነበር። ሰገራዬን ያጠቆረውም፣ ሽሮውን ሚስማር ያስመሰለውም ክኒኑ ነው።

"አፈሩን ልጁ ነው የጠየቀው ብዬ ነበር" አልኳት።

"ልጁ የሚፈልገው ደም ነው። አፈሩን ያሰኘሽ ጉድለትሽ ነው።"

እማማ አስካለ ግን ገና አልጨረሱም። "ድንጋጤውስ ዶክተር? ልጁ ላይ አይወጣም?"

"እናቴ፣ የእናት ጭንቀት ልጁ ጋ አይደርስም አልልዎትም። ከበዛና ከረዘመ ይደርሳል። ለዚያውስ ይቺን ልጅ ወር ሙሉ ምን አስጨነቃት?"

"እየሞትኩ መስሎኝ ነው" አልኩ።

"ማን አለሽ?"

"ማንም አላለኝም። በፍልሰታ ጉበት አበሉኝ።"

ዶክተሯ እማማ አስካለን አየች፣ ማተቧን በጣቷ ነካች፣ ማብራሪያም አልጠየቀችም። ፊቷን በወረቀት ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ሳቋ ሲበርድ ግን ሆዴን ለካች፤ ልጁ አሁንም ትንሽ ነው አለች። በደም ሥር የሚሰጥ አይረን ያስፈልግሻል፣ ዛሬውኑ ተኚ፣ የደምሽ መጠን ከፍ ካላለ ደም እስከ መቀበል ልንደርስ እንችላለን አለች። ሁሉንም ለእኔ ነው የነገረችኝ፣ ፊት ለፊት። ደነገጥኩ፤ እውነት ነው። ግን ድንጋጤው መጠን ነበረው፤ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ ይታወቃል። ከዚያ ማዳመጫውን ሆዴ ላይ አድርጋ የልጄን የልብ ምት አሰማችኝ። ቶሎ ቶሎ፣ ያለ ዕረፍት ይመታል። እኔ ስሞት የከረምኩበትን ጊዜ ሁሉ እሱ ሥራ ላይ ነበር። እማማ አስካለ አለቀሱ፣ ብሩክም አለቀሰ፤ ብሩክ በእንግሊዝኛ ሰላም ሊለው ጀምሮ ተወው።

ጥቂት ቀን ተኝቼ ወጣሁ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር አስታወቅኳቸው፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም፤ ያለ ነገር ካለ አሁን ይውጣ። እንደ ዝናብ ነው የወረደብኝ። ሰርጉ ለቅሶ ነበር አለ ብሩክ። አውቃለሁ፣ ለቅሶ ደርሻለሁ አልኩት። ፍሪጃችን ተቃጥሏል። ላፕቶፔን ሲያጸዳ ውሃ ደፍቶበታል። እማማ አስካለ ደግሞ የወደድኳትን ዶሮ ጭልፊት እንደወሰዳትና "ወንድሜ ጋ ሄዳለች" ያሉኝ ውሸት እንደነበር ተናዘዙ። ዶሮዋ ዘመድ ጥየቃ ሄደች ሲባል ያመንኩት እኔ ነኝ፤ ደሜ ምን ያህል ወርዶ እንደነበር ከዚህ እወቁት። ሳቄ ሲመጣ ሹፌሩ ምጥ መስሎት ጥግ ይዞ አቆመ።

ክኒኑን ከዚያ በኋላ በገዛ እጄ፣ በብርቱካን ጭማቂ፣ ከሻይና ከቡና አርቄ እውጥ ነበር። መዳፌ ቀስ እያለ ቀላ። አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ በጓሮ ሳልፍ አፈሩ ሸተተኝ፤ አፈር አፈር ብቻ ሸተተኝ። ብሩክ ለማንኛውም ብሎ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለሰነው። እማማ አስካለ "ሲሚንቶውንስ ብትለምድ?" ብለው ያን ሰሞን ሲጠብቁኝ ከረሙ።

ናርዶስ የተወለደችው በኅዳር ነው። ከሲታ ነበረች፤ ጩኸቷ ግን ሙሉ ነበር። እማማ አስካለ ገና በደንብ ሳትታጠብ አገላብጠው ፈተሿት፤ ከፀጉሯ እስከ ውስጥ እግሯ አንድ ምልክት የለም። "አየሽ" አሉኝ፣ "ያማረሽን ጠግበሽ ስለበላሽ ነው።" አልተከራከርኳቸውም።

አንባቢዎቼ፣ ምክሬ አጭር ነው። ነፍሰ ጡር ሆናችሁ ደረጃ ካቃታችሁ፣ አፈር ወይም በረዶ ካሰኛችሁ፣ ተናግራችሁ ተመርመሩ። ነፍሰ ጡር ያላችሁ ሰዎች ደግሞ የተባላችሁትን ንገሯት፤ እናንተ የደበቃችሁትን እሷ በራሷ ትሞላዋለች፣ የምትሞላውም ከእውነቱ ይከፋል። እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ባለፈው እሑድ የሆነውን ሳልጽፍ ግን መተው አልቻልኩም።

ናርዶስ ሦስት ዓመቷ ነው። እንጦጦ ሄደን፣ እኔ እቤት ውስጥ ሆኜ ልብስ ሳጣጥፍ እሷ ጓሮ ትሮጥ ነበር። ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ለቅሶ ግን የለም። ገርበብ ባለው በር ሳይ እማማ አስካለ ፊት ቆማለች። ጉልበቷ ተልጦ ደም እስከ ካልሲዋ ወርዷል። ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ይዛዋለች። የአያቷን ቀሚስ ሳብ አድርጋ ወደ ጆሯቸው ተንጠራራች።

"እማማ፣ ለማሚ አትንገሪያት፤ ትደነግጣለች።"

አፈሩ አልወጣባትም። ፒያኖውም አልወጣባትም። እማማ አስካለ ቀና ሲሉ በሩ ላይ አዩኝ፤ ምን እንደማደርግ የሚጠብቁ መሰሉ። ወጥቼ አጠገቧ ተንበረከክኩ። ጉልበቷን አየሁት። በጣም ደነገጥኩ፤ መደንገጤንም ነገርኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝና ያን ጊዜ ቤቱን እስኪያናውጥ አለቀሰች።